እስኪረጋ

«የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» ይላሉ፣
በስንት ሰዓት እንደሚረጋ ግን ሳይነግሩን ያልፋሉ።
እኔን የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፣ ሌሊት ሌሊት፣
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ ውስጥ፣ ከማቅለሚያው ቤት፤
ወይዘሮ ዘምዘም፣ የፈረቃ ኃላፊዋ፣ ስልኩን አንስታ፦
«ረጋ ወይ ገንዳው? ቀለሙ ይግባ ወይስ ይቆይ ላፍታ?»

ውሃው ሲገባ ሃያ ነው፤ የታዘዘው ዘጠና፤
ሰባ ዲግሪ ጉድለት አለ። እንፋሎቱ ተከፈተና
መርፌው መጀመሪያ እንደ ግልገል ዘለለ፣
በአሥራ ሁለት ደቂቃ ስልሳ አራት ላይ ዋለ።
ከጉድለቱ ሲሶው ቀረ፣ ሲሶና እፍኝ የማይሞላ፤
ከቀረው ደግሞ ሲሶው፣ ከሌላ አሥራ ሁለት ደቂቃ ኋላ፤
ሰማንያ፣ ከዚያ ሰማንያ ስድስት፣ እያዘገመ፣
ሽቅብ ሲሄድ እየሳሳ፣ ሲጠጋ እየደከመ።

አምስት ጊዜ አሥራ ሁለት፣ አልኩ፣ በጣቴ ቆጥሬ፤
አንድ ሰዓት። ከዚህ ሌላ ምስጢር የለው ደብተሬ።
ከዚያ ወዲያ የቀረችው ግማሽ ዲግሪ እንኳ ብትኖር
ከቴርሞሜትሩ ውሸት ታንሳለች፤ ማን ያያታል? ትቅር።

ይመር አራጌ፣ ቦይለሩ ላይ ሠላሳ ዓመት የከረመ፣
ሒሳቤን አይቶ ሳቀና፣ መዳፉን ቧንቧው ላይ ጭኖ ቆመ።
«ዘጠና አይደርስም» አለኝ፣ «ይጠጋል እንጂ፣ ልጄ፤
ሠላሳ ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ እዚሁ፣ በእጄ።
ደግሞ ክዳኑን አትክፈት፤ ባየኸው ቁጥር ይበርዳል፣
ሰዓትህ ከዜሮ ይነሳል፣ ልፋትህ በእንፋሎት ይሄዳል።»

ይህን ሳልሰማ በፊት ነው፤ በሰማንያ ቀለም ጨምሬ
ሦስት መቶ ሜትር አቡጀዲ ዥንጉርጉር አድርጌ አድሬ፣
«ባለ ነብር ቆዳው» እየተባልኩ እስካሁን ይሳቅብኛል፤
ጨርቁንም የጽዳት ሴቶቹ ለመወልወያ ወስደውታል።

ደሴ ላይ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከቤታችን ሌላ ገንዳ አለ፦
ወንድሜ ሙሄ ከአምስት ዓመት በኋላ ደጁን የረገጠ ዕለት
አባቴ ቀና ሳይል፣ «መጣህ። ግባ። እራት አለ።»

አራት ቃል። ቆጠርኳቸው። ሥራዬ ነው። በማግስቱ ሰባት ሆኑ፤
በሳምንቱ፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሃያ ሁለት ደፈኑ።
ሙሄ ባይሄድ ኖሮ በአንድ እራት ስንት ቃል ይለው ነበር?
እሱን ነው የማላውቀው፤ ዘጠናው ሳይታወቅ ሲሶን ማስላት ይከብዳል፣ ከምር።

እናቴ ደግሞ በየማታው ክዳኑን ትከፍታለች፣
«ይቅር ተባባላችሁ?» እያለች።
አባቴ ያቀረቅራል፤ ሙሄ ጫማውን ያያል፤
ይመር እዚህ ባይኖርም ድምፁ ይሰማኛል።

እማ፣ ተያቸው፣ አልኳት። ትልቅ ገንዳ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም፤
እንደ ሻይ ጀበና በአንድ ክብሪት አይንተከተክም።
«መቼ ታዲያ?» አለች። ከመስከረም ወዲህ ያለውን ገምቼ
«ሚያዝያ ይሆናል» አልኳት፣ የአንድ ወር ስህተት ትቼ።
ትናንት አባቴ ጨው ፈልጎ፣ «ሙሄ» ብሎ ጠራው፤
አንድ ቃል። ስሙን። ከየትኛው ዓምድ ልጻፈው?

አሁን ሰርቪሱ ሐረጎን ቁልቁል ይጠማዘዛል፤
የደሴ ብርድ ከመስኮቱ መስታወት ገና አልተነሳም፤
ጆሮዬ ተደፍኗል፣ የሹፌሩን ሬዲዮ አልሰማም።
ምራቄን ብውጥ ይከፈታል። አልዋጥኩም።
ሰዓቴን አየሁ። ይህን ገና ለክቼው አላውቅም።